የሰፈራችን የንባብ ማኅበር በየትኛው ቋንቋ ይነጋገር? 31 መልስ የመጣበት ጥያቄ

ጥያቄውን የጻፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። እማዬ ሳሎን ቁጭ ብላ በሬዲዮ የአማርኛውን ፕሮግራም ትሰማለች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ሁለት ሦስት መልስ ቢመጣ ብዬ ነበር። በአራት ቀን 31 መጣ። ክሩን፣ ማለት ከጥያቄው ሥር የተከታተሉትን መልሶች፣ ላልተከታተላችሁ የሆነውን ልንገራችሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም፤ በራሴ አነጋገር ነው የማወራችሁ።

መጀመሪያ ጥያቄው። የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ሬሆቮት ከተማ፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ነው። ዘጠኝ ሰዎች ሆነን የቤተ እስራኤልን፣ የእኛን የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ጽሑፍ፣ ተረት፣ ግጥምና ታሪክ የምናነብበትና የምንሰማበት ትንሽ ማኅበር ልናቋቁም ተነጋገርን። በወር ሁለት ጊዜ፣ ሐሙስ ማታ። ቡና ይፈላል። አንድ ሰው ያነባል ወይም ያወራል፤ ሌላው ያዳምጣል። በሁሉም ተስማማን፤ ቋንቋው ላይ ስንደርስ ተለያየን። የኔ አቋም ግልጽ ነበር። አማርኛ ብቻ ይሁን አልኩ።

ምክንያቴንም ጻፍኩ። ከጥቂት ዓመት በፊት ስለ አባቶቻችን ጥበብ የተዘጋጀ አንድ ምሽት ነበር። እማዬን ይዣት ሄድኩ። ነጠላዋን ለብሳ፣ ደስ ብሏት ነው የሄደችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በዕብራይስጥ ተነገረ። የሚያወሩት ስለ እሷ ነው፤ ለእሷ ግን አንዱም አልገባትም። ሲያልቅ አበባ ሰጥተው ሸኟት። መኪና ውስጥ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። የዚያን ቀን ቁጭት እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ዕብራይስጥ አንዴ ከገባ ሽማግሌዎቹ ወዲያው ዝም ይላሉ። ስለዚህ አማርኛ ብቻ፣ ምን ትላላችሁ? ብዬ ጨረስኩ።

1ኛዋ የመለሰችው ከነታንያ ነው። እግዜር ይስጥሽ ብላ ጀመረች። የእሷም እናት እንደዚያው አበባ ይዛ ተመልሳለች። 2ኛው የቂርያት ማላኪ ሰው ነው፤ እሱም ተስማማ። ወንበሮቹ እንደ ትምህርት ቤት በመደዳ እንዳይደረደሩ፣ ዙሪያውን እንዲሆኑ ለመነ። ሽማግሌ የሰውን ጀርባ እያየ አያወራም ነው ነገሩ። እዚህ ድረስ ሁላችንም አንድ አፍ ነበርን።

3ኛው መልስ ከአሜሪካ መጣ። ሜሪላንድ የምትኖር የጎንደር ልጅ ናት፤ ክርስቲያን ናት። በትህትና ነው የጻፈችው። ልጅ ሆና በወለቃ ስታልፍ የሸክላ ምስሎች ስትገዛ ታስታውሳለች። ሸክላውንና ብረት ቀጥቃጩን እንጂ ጽሑፋችንን አታውቅም ነበር። ለመሆኑ የሚነበብ ምን አላችሁ ብላ ጠየቀች። ስትጽፍ ግን ፈላሻ የሚለውን ቃል ተጠቀመች።

4ኛው ሁለት መስመር ብቻ ጻፈ። ቃሉ መሬት የሌለውን፣ ከየትም የፈለሰውን ለመስደብ ሲወረወርብን የኖረ መሆኑን፣ ስማችንም ቤተ እስራኤል መሆኑን ነገራት። 5ኛው ይቅርታዋ ነው። ስድብ መሆኑን ሳታውቅ እንዳደገች አልደበቀችም። ነገሩን ያራዘመባት ሰው አልነበረም፤ ደስ ብሎኛል።

6ኛው የጥያቄዋን መልስ ይዞ መጣ። አሽዶድ የሚኖር ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ለዘመናት በቄሶቻችን እጅ የኖሩትን የግዕዝ መጻሕፍት አንድ በአንድ ዘረዘረ። ኦሪት ስንል አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ብቻ አይደሉም፤ ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩት በአንድ ጥራዝ አብረው አሉ። ኩፋሌና ሄኖክ አሉ። ሞተ ሙሴ አለ፤ አርድእት አለ። ከሁሉም በላይ የቆየበት ትእዛዘ ሰንበት ላይ ነው። በዚህ መጽሐፍ ሰንበት ቀን ብቻ አይደለችም። የእግዚአብሔር ልጅ ተብላ፣ በመላእክት ታጅባ፣ ስለ ኃጢአተኞች የምትማልድ ሆና ትታያለች። መምህሩ በልጅነቱ አርብ ማታ አያቱ እሳት ካጠፋች በኋላ ስለ ሰንበት ስታወራ ሰው የምትጠብቅ ይመስለው ነበር። መጽሐፉን ካነበበ በኋላ ማንን ትጠብቅ እንደነበር ገባው። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ሳሎን ገባሁ። እማዬን ጠየቅኳት። አዎ፣ እኛም ቤት እንግዳ እንደሚመጣ ነበር የሚጠረገው አለችኝ።

መምህሩ አንድ ነገር ግን ተሳስቷል። ከአውሮፓ መጥቶ አባቶቻችንን የጎበኘው አይሁዳዊ ምሁር ጆሴፍ ሃሌቪ ትእዛዘ ሰንበትን በ1867 እንዳሳተመው ጻፈ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

7ኛው ሌላ ነገር አነሳ። አዲስ አበባ ያለ የብራና ጽሑፍ ተማሪ ነው። አነጋገሩ ቀዝቃዛ ነው። ከተዘረዘሩት መጻሕፍት ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን በኩል የመጡ ናቸው አለ። ኦሪቱ ራሱ የቤተ ክርስቲያን የግዕዝ ትርጉም ነው። ስለዚህ የራስ ሥነ ጽሑፍ ማለት ማጋነን ነው ብሎ ደመደመ።

8ኛው ከአስቀሎን ነው። ተናደደ። በኢትዮጵያ ሳለን መሬታችንን ከልክላችሁን፣ አሁን ደግሞ መጽሐፋችንን ልትወስዱ ነው ወይ አለ። ተማሪው ያላለውንም ጨመረበት። ቁጣው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ልጁ ግን መሬት የከለከለ ሰው አልነበረም።

ክሩን ያዳነችው 9ኛዋ ናት። ቴል አቪቭ ላይ ግዕዝ የምታጠና ወጣት ናት። አስቀድማ ዓመቱን አረመች፤ ሃሌቪ ወደ ኢትዮጵያ የተጓዘው በ1867 ነው፣ ትእዛዘ ሰንበት የታተመው ግን በ1902 ነው። ቀጥላ የአዲስ አበባው ተማሪ ስለ ምንጩ ልክ መሆኑን ተቀበለች። ከዚያ ግን መጻሕፍቱ ሲከፈቱ የመጀመሪያውን መስመር ተመልከቱ አለች። የቤተ ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ይጀምራል። የእኛው ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል ይላል። ከዚያ በኋላም አባቶቻችን መርጠዋል፣ ቆርጠዋል፣ ለውጠዋል፣ ጨምረዋል። በአንዳንዱ ብራና ላይ የተፋቀው ቦታ ይታያል። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ዱቄቱን ከጎረቤት የተበደረች ሴት እንጀራው የራሷ ነው። ማቡካቱም፣ መጋገሩም፣ ማብላቱም የእሷ ነው።

10ኛው መልስ ልቤን ነካው። ወላጆቹ ከዩክሬን የመጡ፣ ከእኛ ወገን ያገባ ሰው ነው። አማርኛው ይንተባተባል፤ ግን ራሱ ጻፈው። ስለ አይሁዳዊው ጸሐፊ ስለ አን-ስኪ ነገረን። ይህ ሰው ከ1912 እስከ 1914 ድረስ ጓደኞቹን ይዞ በቮልሂኒያና በፖዶሊያ የአይሁድ መንደሮች ዞረ። ያኔ የሩሲያ ግዛት ነበሩ፤ ዛሬ ዩክሬን ናቸው። ተረቱን ጻፉ፤ ዘፈኑን በሰም ሲሊንደር ቀረጹ። ሰው ከመወለዱ እስከ መሞቱ ያለውን ወግ ለመጠየቅ 2,087 ጥያቄ አዘጋጁ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና ጉዞው ተቋረጠ። ከዚያ በ1925 ቪልና ላይ ይቮ የሚባለው የይዲሽ፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። የተማረ ሰው ብቻ አልሰበሰበለትም። ልብስ ሰፊው፣ አስተማሪው፣ የሱቅ ልጅ ከየመንደሩ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን እየጻፉ ይልኩ ነበር። አን-ስኪ ከዞረ 30 ዓመት ሳይሞላ እነዚያ መንደሮች ከነሰዎቻቸው ጠፉ። የቀረው የተጻፈውና የተቀረጸው ነው። ሰውየው ምክር አልሰጠንም። የሚስቱ አያት 90 ዓመት እንዳለፋቸው ብቻ ጽፎ አቆመ።

11ኛዋ ወዲያው ወደ ሥራው ገባች። ሽማግሌዎቹን ለመቅዳት ስልክ ይበቃል አለች። ግን ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በባዶው አይቀመጥ፤ ከሥሩ ጨርቅ ይነጠፍ። ስኒ ሲጋጭና ሙቀጫ ሲመታ ከተቀዳው ድምፅ ግማሹ ይበላሻል። የአባቷን ድምፅ እንዲህ እንዳጣችው ጻፈች። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የመጣበትን መንገድ ሲያወራ ቀድታው ነበር፤ የሚሰማው ሙቀጫው ነው። አባቷ አሁን የለም።

ከ12 እስከ 15 ያሉት ሌላ አቅጣጫ ያዙ። አንዱ ማኅበሩ በሽመላው ዘፈን ይከፈት አለ። ልጆች ሽመላ ሲያልፍ ወደ ሰማይ እያዩ አገራችን ኢየሩሳሌም ደህና ናት ወይ ብለው የሚጠይቁበትን ማለቱ ነው። ሁሉም ወደደው። ግጥሙ ላይ ግን አልተስማሙም። የአምቦበሩ ሰው አንድ ዓይነት አለው፤ የሰሜኑ ሌላ፤ አንዷ ደግሞ እናቷ ትጨምረው የነበረ ማንም ያልሰማው ስንኝ አላት። አራቱም የራሳቸው ትክክል እንደሆነ ተከራከሩ። እኔ አራቱንም እንቀዳ ባይ ነኝ። ዘፈን በየመንደሩ ሲለያይ ስህተት አይደለም፤ ሰው እንደዘፈነው ምልክት ነው።

ከዚያ 16ኛው መልስ መጣ። የሽሬ ልጅ ናት። አጭር ጻፈች፤ ግን ቆረጠኝ። አማርኛ ብቻ ስትዪ እናቴን የት አስቀመጥሻት ነው ነገሩ። እናቷ ትግርኛ ተናጋሪ ናት። በሱዳን በኩል መንገዱን ቀድመው ከጀመሩት መካከል የትግራይና የወልቃይት ሰዎች እንደነበሩ አስታወሰችን። በዕብራይስጥ ስብሰባ ላይ እኔ ለእማዬ የተሰማኝን እሷ በአማርኛ ስብሰባ ላይ ለእናቷ ይሰማታል። ደጋግሜ አነበብኩት። ልክ ናት። አላሰብኩትም ነበር፤ ይህም ያሳዝነኛል።

17ኛው እኔን ሊከላከል ብሎ አበላሸው። ትግርኛ ተናጋሪው ጥቂት ነው፤ አማርኛም ይሰማሉ አለ። 18ኛው በቁጣ መለሰለት። የእስራኤል ሰዎች ስለ እኛ የሚሉት ይህንኑ አይደለም ወይ? ጥቂት ናቸው፤ ዕብራይስጥ ይማራሉ! ከዚህ በኋላ ቃላቱ እየከረሩ ሄዱ።

19ኛው በዕብራይስጥ ነው የጻፈው። ቤርሳቤህ የተወለደ የ24 ዓመት ልጅ ነው። 9ኛዋ ወደ አማርኛ መለሰችልን። ከመልሶቹ ሁሉ የከረረው ይህ ነው። በ2015 እኛ ዘረኝነትን ተቃውመን ሰልፍ ስንወጣ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ሰሞን ነው በመንገድ ላይ ኢትዮጵያዊ ብቻ ተብሎ እንደሚታይ የገባው። እሺ ብሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። እነሱ ደግሞ አማርኛ ስለማይችል ፈረንጅ ሆንክ አሉት። አያቱ ስታወራ ግማሹን ይሰማል፤ ግማሹ ያመልጠዋል። አማርኛ ብቻ የሚል ማኅበር ፊቱ ላይ የሚዘጋ ሌላ በር ነው አለ። ስለ እኔም ጻፈ። እናትሽ መኪና ውስጥ ምን አሉ ብላ ጠየቀችሽ፤ እኔ ማንን ልጠይቅ? አለ።

20ኛዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ፤ ግን አልማሩትም። እኛ በአርባ ዓመታችን ቀን ቢሮ እያጸዳን ማታ አሌፍ ቤት፣ የዕብራይስጡን ፊደል፣ ተምረናል፤ አንተስ ምን ያዘህ አሏቸው ለእሱና ለእኩዮቹ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱንም ሳነብ አለቀስኩ።

21ኛው ሁላችንንም ዘለፈ። የልጆች ትምህርት ወደኋላ ቀርቷል፤ የቤት ኪራይ አናት ላይ ወጥቷል፤ እናንተ ስለ ተረት ትጣላላችሁ አለ። 22ኛው የኔ መልስ ነው። ልጄ የቤት ሥራውን የሚሠራው በደንብ የሚተኛና የሚበላ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የማን ልጅ እንደሆነም ማወቅ አለበት። አንዱ ሌላውን አይከለክልም አልኩ። አሁንም እንደዚያው ነው የማምነው።

23፣ 24 እና 25 ስለ ስም ናቸው። ከርዕሱ ወጥተዋል፤ ቢሆንም ዝም ብዬ አላልፋቸውም። እንደመጣን ለብዙዎቻችን አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጠን። አንዷ በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል፣ ከመጡት 14,325 ሰዎች አንዷ ናት። በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ አገሯም ስሟም ተቀየረ። ሌላው የድሮ ስሙን በቅርቡ አስመልሷል። ሦስተኛው ሁለቱንም ይወዳል፤ አንዱን እናቱ ትጠራዋለች፤ ሌላውን ሚስቱ። ይህ ብቻውን አንድ የሐሙስ ምሽት ይወጣዋል።

ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ተባለ። ክሩ የሞተ መሰለኝ።

አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ 26ኛው መልስ መጣ። አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የጻፈችላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። እሳቸው እየነገሯት፣ እሷ ባወቀችው አማርኛ። ክሩን ከመጀመሪያው አንስታ አንብባላቸዋለች። ማንንም አልወቀሱም። ስለ በዓላችን ስለ ስግድ ነው ያወሩት።

ከአስተሥርዮ በኋላ 50ኛው ቀን ሲደርስ ሰዉ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ ተራራ ይወጣል። ቄሶች ኦሪቱን ተሸክመው ይቀድማሉ። ላይ ሲደርሱ ይነበባል። የሚነበበው በግዕዝ ነው። ግዕዝ የሚሰማ ስንት ሰው ነበር? ጥቂት ነው። ታዲያ ሕዝቡ ሳይገባው ቆሞ አልዋለም። ቄሱ አንቀጹን ካነበበ በኋላ ይተረጎም ነበር። አማርኛ ተናጋሪው አገር በአማርኛ፣ ትግርኛ ተናጋሪው አገር በትግርኛ። ግዕዙ አልተጣለም፤ ሕዝቡም አልተጣለም። ይህ ደግሞ ስግድ ከሚያስታውሰው ከነህምያ መጽሐፍ የመጣ ነው አሉ። ዕዝራ ሕጉን ለጉባኤው ሲያነብ ሌዋውያን ለሕዝቡ ያስረዱ ነበር። ሽማግሌው የጨመሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚተረጉመው ሰው ከሚያነበው ጎን ይቆማል፤ ከሕዝቡ መሀል አይጮህም።

እኔ በየዓመቱ ስግድ እሄዳለሁ። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ2008 የአገር በዓል አድርጎታል፤ ልጆቼም ከትምህርት ቤት ሲመጡ ያውቁታል። ኢየሩሳሌም ላይ ቆሜ፣ ጃንጥላዎቹን እያየሁ፣ ንባቡንና ትርጓሜውን ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። የማኅበራችን መልስ እዚያ ተቀምጦ ሳላየው ኖርኩ።

27ኛው እኔ ነኝ። አማርኛ ብቻ ያልኩትን አነሳሁ። በምትኩ እንዲህ እናድርግ አልኩ። የሚያወራው ሰው አፉን በፈታበት ቋንቋ ያውራ፤ አማርኛም ይሁን ትግርኛ። ከጎኑ አንድ ወጣት ይቀመጥ። ሽማግሌው ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ሲል ወጣቱ በዕብራይስጥ ይመልስ። መጀመሪያ ግን ሁልጊዜ የሽማግሌው ድምፅ ይሁን። እማዬ በቤተሰቧ ቋንቋ የምትሰማበት፣ ልጁም ፊቱ የማይዘጋበት ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

28ኛው የአዲስ አበባው ተማሪ ነው። በ8ኛው ቃል የተጎዳ ቢመስልም ስጦታ ይዞ ተመለሰ። ታምራት አማኑኤልን አስታወሰን። ከቤተ እስራኤል ወገን ነው። አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች በልጅነቱ ለትምህርት ወደ አውሮፓ የወሰደው፣ በኋላም በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤትን የመራው። ይህ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን ጥናት ጽፏል፤ በአማርኛ። ተማሪው ራሱ በትምህርቱ ያገኘው ስም ነው። የጸሐፊውን ወገን ግን ያስተማረው ሰው አልነገረውም ነበር። ማኅበሩ ሲጀመር ስለ ታምራት ጽፎ ለመላክ ቃል ገባ። የአስቀሎኑ ሰው ይቅርታ አልጠየቀም። ጽሑፉን እኔ አነብላችኋለሁ ብሎ 29ኛውን መልስ ጻፈ። ለእኔ ይህም ይበቃል።

30ኛው የቤርሳቤሁ ልጅ ነው። በዚህ ጊዜ በአማርኛ ሞከረ፤ ሦስት መስመር። አያቱን ከሬሆቮት ዘመዶቿ ጋር ሐሙስ ሊያመጣት ይችላል። ግን ከጎኗ ተቀምጦ ሊተረጉም ይፈራል፤ የሚሰማው ግማሹን ነው። የሽማግሌው የልጅ ልጅ እዚያው ሥር መለሰችለት። አያቷ የቀረውን ግማሽ ጮክ ብለህ ጠይቃት፣ እኛም እንስማ ብለዋል አለች። 31ኛዋ የሽሬዋ ልጅ ናት። እናቷ እንደምትመጣ፣ ለትግርኛው እሷ ራሷ እንደምትቀመጥ ጻፈች። ከዚያ ስልኩ መቼ ይከፈት ብላ ጠየቀች፤ የስኒውን ነገር አልረሳችውም።

ይህን እማዬን ጠየቅኳት። በአቦል ሰው አያወራም፣ እየተያየ ነው አለች። ከቶና በኋላ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ሐሙስ ማታ አቦልና ቶና ይጠጣል። ስኒው ይነሳል። ጨርቁ ይነጠፋል፤ ስልኩ ይከፈታል። በረካው ወሬው እስኪያልቅ ይቆያል።